ከአንዲት ዙር በፊት የነበሩ አሥር ዓመታት

ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ነበር፤ እዚህ አገር በሚቆጠረው ሜይ 19 ቀን 2018 መሆኑ ነው። በዋሽንግተን ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መግቢያ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ የሌሊት ሺፍት ገብቼ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሕንፃው ጭር ስለሚል በስልኬ ቤዝቦል የማየት ልማድ አለኝ። በካሊፎርኒያ የሚደረጉ ጨዋታዎች በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት በእኛ በኩል የሚጀምሩት ከመሸ በኋላ ስለሆነ ለሌሊት ሠራተኛ ይመቻሉ። ያን ዕለት በአናሃይም ከተማ ታምፓ ቤይ ሬይስ ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር ይጫወት ነበር። ለታምፓ ቤይ የመጀመሪያዋን ኳስ ሊወረውር የወጣውን ሰው ሳይ ተሳስተው ያወጡት መስሎኝ ስልኬን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ሰውየው ሰርጂዮ ሮሞ ነበር።

ስሙ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር አለው፤ በየዙሩ አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይከላከላል፤ የተከላካዩ ቡድን ዋልታ ደግሞ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ፒቸር የሚባለው ሰው ነው። ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር እንደ አባወራ ነው። ስሙ ከቀናት በፊት ይነገራል፣ ቢያንስ አምስት ዙር፣ ሲሆንለትም ስድስትና ሰባት ዙር እንዲዘልቅ ይጠበቃል፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ኳስ ከወረወረም በኋላ ክንዱ እንዲያገግም አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀን ያርፋል። ተቀያሪዎቹ ፒቸሮች ግን ሌላ ኑሮ ነው ያላቸው። ከሜዳው ዳር ቡልፔን በሚሉት፣ ቃል በቃል የኮርማ በረት ማለት በሆነ አጥር ውስጥ ተቀምጠው ስልክ እስኪደወል ይጠብቃሉ። ሲደወል ተነሥተው ክንዳቸውን ያሟሙቃሉ፣ ጀማሪው ሲደክም ወይም ሲመታበት ገብተው ሌላ ሰው ያበላሸውን ያቃናሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አሟሙቀው ሲያበቁ ማንም ሳይጠራቸው ጃኬታቸውን ደርበው ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ሮሞ በዚያ በረት አሥር ዓመት ኖሯል። የተወለደው በካሊፎርኒያ፣ ለሜክሲኮ ድንበር ቅርብ በሆነችው ብሮሊ በምትባል የእርሻ ከተማ፣ ከሜክሲኮ ዝርያ ቤተሰብ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ የተባለው ቡድን በ2005 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሲመርጠው (ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁሉም ቡድኖች ሃያ ሰባት ሃያ ሰባት ጊዜ መርጠው ካለፉ በኋላ ነበር። ቁመቱ ከሌሎቹ ፒቸሮች ያንሳል፣ ኳሱም ፈጣን የሚባል አይደለም፤ እንጀራው ወደ መቺው ደርሳ በመጨረሻ ሰዓት የምትታጠፈው ስላይደር የተባለችው ውርወራ ነበረች። በ2012 የአገሪቱን ትልቁን ዋንጫ የዘጋው እሱ ነው። በዲትሮይት ከተማ፣ በተጨማሪው አሥረኛ ዙር፣ ፊት ለፊቱ የቆመው በዚያው ዓመት በሦስቱም ዋና ዋና የመቺነት መለኪያዎች አንደኛ የወጣው ሚጌል ካብሬራ ነበር፤ ይህን ከ1967 ወዲህ ማንም አላደረገውም ነበር። ሁሉም ሰው፣ ካብሬራም ጭምር፣ የምትታጠፈዋን ኳስ ሲጠብቅ ሮሞ በሰዓት 89 ማይል የምትሄድ ቀጥተኛ ኳስ በመሃል ወረወረ። ካብሬራ ዱላውን ሳያነሣ ቆሞ አሳለፋት፤ ዋንጫውም በዚያችው ኳስ አለቀ።

እንግዲህ ይህ ሰው በዓለም ፊት ትልቁን ጨዋታ ጨርሷል፤ ሆኖም አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም ነበር። ከ580 ጊዜ በላይ ወደ ሜዳ የገባው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጀምሮት ነው። የመጀመሪያ ጅማሮውን ያገኘው በ35 ዓመቱ፣ በዚያ ቅዳሜ ምሽት ነው።

የታምፓ ቤይ አሠልጣኝ ኬቨን ካሽና ባልደረቦቹ ያሰቡት ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፤ ያም ሆኖ በዚህ መልክ ሥራዬ ብሎ የያዘው ቡድን አልነበረም። የመጀመሪያው ዙር የተጋጣሚ ምርጥ መቺዎች በተርታ እንደሚመጡ የሚታወቅበት ብቸኛ ዙር ስለሆነ ብዙ ነጥብ የሚገባበትም እሱው ነው። ታዲያ ለነዚያ መቺዎች በጣም የሚከብደውን ሰው በዘጠነኛው ዙር ከመጠበቅ ይልቅ ለምን በአንደኛው አናወጣውም አሉ። የኤንጅልስ የፊት መቺዎች በቀኝ እጃቸው የሚመቱ ነበሩ፣ የሮሞ ስላይደር ደግሞ ለቀኝ መቺ ቀንደኛ ጠላት ናት። ዛክ ኮዛርት መጣ፣ ከእሱ ቀጥሎ በትውልዱ ተወዳዳሪ የለውም የሚባለው ማይክ ትራውት፣ ከዚያም ጀስቲን አፕተን፤ ሦስቱንም በየተራ በስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን ሳይመቷት፣ አሰናበታቸው። ሮሞም ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የገባው ራየን ያርብሮ የተባለ የ26 ዓመት ግራኝ ፒቸር ነው፤ በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ከስድስት ዙር በላይ ተሸክሞ ቡድኑ 5 ለ 3 አሸነፈ።

በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆኜ ይህን ሳይ ከስፖርት ያለፈ ነገር ውስጤን ነካው። ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት የሠራሁት ሌሎች ሲቀሩ እየተጠራሁ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል፣ እገሌ ታሟል፣ ድረስ እባላለሁ፤ ልብሴን አልጋዬ ራስጌ ላይ አዘጋጅቼ መተኛት የለመድኩት ያኔ ነው። ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው የሳምንት ወረቀት ላይ የሌሎቹ ስም በታይፕ ተጽፎ የእኔ ሁልጊዜ ከዳር በእስክሪብቶ ይጫር ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ስሜ በራሱ መስመር ላይ ታትሞ ሳየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ደመወዙ ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው፣ እኔ ግን ያን ቀን የገባሁት ሰው ሆኜ ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ አገር ቤት ያለው የሥራ ባልደረባዬ ትዝ ይለኛል። ከመሰደዴ በፊት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አብረን ስንሠራ የክፍላችን ኃላፊ ተዛወሩና እሱ «ሌላ ሰው እስኪመደብ ድረስ» በሚል ደብዳቤ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆነ። አምስት ዓመት ተጠባበቀ። ዕቅድ የሚያዘጋጀው እሱ፣ ሪፖርት የሚያቀርበው እሱ፣ ስብሰባ ላይ የሚወቀሰው እሱ ነበር፤ አበሉና ማዕረጉ ግን አልተከተሉትም። ወጪ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ከግርጌ የቀድሞው ኃላፊ ስም ታትሞባቸው ይመጡ ስለነበር ከስሙ ፊት ለፊት «ለ» የምትለዋን ፊደል በእጁ ጽፎ ይፈርማል። ያችን «ለ» ቀኑን ሙሉ ሲጽፋት አይቼዋለሁ፤ በመጨረሻ በአንድ ምት የምትጻፍ የፊርማው አካል ሆና ነበር። በአምስተኛው ዓመት ከሌላ ቦታ ሰው ተመደበ። አዲሱን ኃላፊ ሥራውን ያለማመደው እሱው ነው።

ያን ጊዜ አለቆቻችን ስለ እሱ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ጎበዝ ነው፤ ግን ሙሉውን ይወጣዋል ወይ?» በጊዜው ፍትሐዊ ጥያቄ ይመስለኝ ነበር። የሮሞን ነገር ካየሁ በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ የተጣመመ እንደነበር ተረዳሁ። አሠልጣኙ ሮሞን ሰባት ዙር እንዲወረውር ቢያስገድደው ኖሮ ጉድ ይሆን ነበር፤ ክንዱም ልምዱም ለዚያ አልተሠራም። ከሁሉ የሚበልጥበት አንድ ዙር የቱ እንደሆነ ፈልገው እሷን ሰጡት። በእኛ ቤት ሰው ሲሾም በማግስቱ ሌላ ሰው እንዲሆን እንጠብቃለን፣ አስተማሪው አስተዳዳሪ፣ መሐንዲሱ ተናጋሪ እንዲሆን፤ ያንን ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ድሮም አይችልም ነበር እንላለን። ባልደረባዬ በሰው ፊት ቆሞ መናገር ይከብደው ነበር፤ በዕቅድና በበጀት ግን የሚደርስበት አልነበረም። ያንን ብቻ በስሙ ቢሰጡት ምን ነበረበት?

አሜሪካኖቹ ሁሉን ነገር አሟልተዋል ማለቴ ግን አይደለም። እዚህ ያልተቆጠረ ሥራ እንዳልተሠራ ነው። ጨዋታ የሚዘጋ ፒቸር «ሴቭ» የሚባለው ቁጥር በይፋ የተመዘገበለት ከ1969 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ለዚያ ድካማቸው በይፋው መዝገብ የሚታይ ነገር አልነበራቸውም። ደሞዝም የሚከተለው ቁጥሩን ነው። ስለዚህ የሮሞ ጅማሮ ሲወራ ብዙዎች የተቆጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ተሸናፊው ኮዛርት ራሱ ነገሩ ለቤዝቦል አይበጅም ብሎ ተናግሯል፤ ሌሎች ደግሞ ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ወጣት ጀማሪ ተብሎ ስለማይቆጠር ነገ ስለ ደሞዙ ሲከራከር ምን ይዞ ይቀርባል ብለው ጠየቁ። እኔ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ይመስለኛል። ያርብሮ በዚያ ዓመት 16 ጨዋታ አሸንፎ ጀማሪ ተብሎ የተመዘገበለት 6 ጊዜ ብቻ ነው።

በእኛ ደቦ ጠዋት ማጨድ የጀመረውና ረፋድ ላይ የደረሰው ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፤ ለቅሶ ቤትም ድንኳን የተከለውና ማታ ያደረው ማን የበለጠ ደከመ ተብለው አይመዘኑም። ሥራ ተረካቢ ሆኖ መምጣት በዚያ ቤት ማነስ አይደለም። ይህን ክብር በሃያ ዓመት የስደት ኑሮዬ በመሥሪያ ቤት አላገኘሁትም። የሚያሳዝነኝ የእኛው ሰው ከመስክና ከድንኳን ወጥቶ ቢሮ ሲገባ ይህን ጠባዩን በር ላይ ትቶት መግባቱ ነው፤ ማዕዱንም አንካፈልም፣ እንደ ፈረንጆቹም አንቆጥርም።

በማግስቱ እሑድ ሮሞ እንደገና ጀመረ። ጀማሪ በተከታታይ ቀን መውጣቱ ለዓመታት ያልታየ ነገር ነው። አንድ ዙር ከአንድ ሦስተኛ ወረወረ፣ ነጥብም አልገባበትም፤ ነገር ግን በተቃራኒው በኩል የሚወረውረው የጃፓኑ ኮከብ ሾሄይ ኦታኒ ነበርና ታምፓ ቤይ 5 ለ 2 ተሸነፈ። ሐሳቡ ግን ጸና። ቡድኑ በዚያ ዓመት 90 ጨዋታ አሸነፈ፤ በመከር ወቅት ኦክላንድ የተባለው ሌላ ቡድን በወሳኝ ጨዋታ ተቀያሪውን ሊያም ሄንድሪክስን በዚሁ መንገድ አውጥቶ በኒውዮርክ ያንኪስ 7 ለ 2 ተሸንፏልና ዘዴው ሁልጊዜ እንደማይሠራም ታይቷል። ሮሞ ዓመቱን ሲጨርስ 5 ጨዋታ ጀምሮ 25 ጨዋታ ዘግቶ ሴቭ ተመዝግቦለት ነበር።

ለባልደረባዬ በቴሌግራም ደውዬ ይህን ሁሉ ተረኩለት። ቤዝቦል አያውቅም፣ ስለዚህ በሩጫ አስረዳሁት፤ ሮሞ እንደ አሯሯጭ ነው፣ ፊት ወጥቶ ፍጥነቱን ይሠራና ገለል ይላል አልኩት። እሱ ግን ትንሽ ዝም አለና ምሳሌዬን ወደ ሌላ ወሰደው። ኃይሌ በ2008 በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲገባ ፊት ፊቱን የሮጡለትን ሰዎች ስም ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

«እኔም አላውቅም» አለ። «ያ ስድስት ዙር የወረወረው ልጅስ? ማን ነበር ያልከው ስሙን?»

ራየን ያርብሮ አልኩት። እንደገና እንድነግረው ጠየቀኝና ከወረቀት ላይ የሚጽፈው እስክሪብቶ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።