አሻንጉሊትም አየር ባየር ሆነ

ኧረ ወገን ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው። አርብ ዕለት አንድ ሎስ አንጀለስ ያለ አርቲስት የሠራት የቪኒል (ለስላሳ ፕላስቲክ) አሻንጉሊት ጅብ ልትሸጥ ነበር። ቁጭ ብላ ጃንጥላ የያዘች፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ነጠብጣብ በኤርብረሽ በእጅ የተቀባ፣ 120 ፍሬ ብቻ፣ ዋጋዋ 85 ዶላር። ጅብ እኮ ነው የምላችሁ! ያን ሁሉ ዘመን ጥንቸልና ድብ ስሰበስብ ኖሬ በስንት ጊዜው የሀገሬ አውሬ ሲመጣልኝ። ድሮፑ፣ ማለት ሽያጩ የሚከፈትበት ሰዓት፣ እዚህ እኛ ጋ ሜሪላንድ 3 ፒኤም ላይ ነው፣ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ፣ ካርት ውስጥ ገባችልኝ፣ አድራሻ ሞላሁ፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች ምረጥ አለኝ መረጥኩ፣ ልከፍል ስል ሶልድ አውት። ካርት ውስጥ ስለገባ ያንተ ነው ማለት አይደለም ለካ፣ ቀድሞ የከፈለ ነው የሚወስደው። ሩብ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ እቺው ጅብ፣ አንዱ የሱቁን ፎቶ እንዳለ ለጥፎ፣ 340 ዶላር! ገና ከመጋዘን አልወጣችም፣ ሰውየው በእጁ አልነካትም፣ ግን እየሸጣት ነው። ድሮ መርካቶ ውስጥ በዚህ ይታሙ የነበሩ ሰዎች እንኳን ቢያንስ ዕቃው የት እንዳለ ያውቁ ነበር።

በነጋታው ደግሞ ሱቁ ኢሜይል ላከልን፣ ስለ ትዕግስታችሁ እናመሰግናለን፣ የቦት መከላከያ እየጨመርን ነው ምናምን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ በቃ ሌላ ምን ይባላል።

ለማታውቁት፣ ቦት ማለት ስምህን፣ ካርድህን፣ አድራሻህን አንተ አንድ ፊደል ሳትነካ ሞልቶ የሚከፍል ፕሮግራም ነው። «ለአንድ ሰው አንድ» የሚሉት ሕግም ቀልድ ነው፣ አንዱ ሰውዬ የአፓርትመንት ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እየቀያየረ እንደ አንድ ቀበሌ ሕዝብ ሆኖ ይገዛል።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ብሩ ብቻ አይደለም። ሊሚትድ የሚባለው፣ በቁጥር ተወስኖ የሚወጣው ነገር ሲጀመር ተንኮል አልነበረም እኮ። በፈረንጆቹ 1999 ማይክል ላው የሚባል አርቲስት ሆንግ ኮንግ ላይ የጂ አይ ጆ አሻንጉሊት ገላ እየቀያየረ የስኬትቦርድና የሂፕሆፕ ልጆች ሠርቶ ሲያሳይ ማን ወረፋ ይይዛል ብሎ ነው? በዚያው ዓመት ካውስ የሚባለው አሜሪካዊ አርቲስት ኮምፓኒየን ያላትን የመጀመሪያ አሻንጉሊቱን ቶክዮ ካለው ባውንቲ ሀንተር ከሚባል ብራንድ ጋር ሲያወጣ በአንድ ቀለም 500 ነበር። ትንሽ የሚሠራው አቅሙ ያ ስለሆነ ነው። ጃፓኖቹ ሶፉቢ የሚሉትን የቪኒል አሻንጉሊት ሲሠሩ ያየ ይገባዋል፦ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ ከሰሙ ላይ የብረት ሞልድ ይወጣል፣ ፈሳሹ ቪኒል ይፈስበታል፣ የጋለ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ዳሩ ሲረጋ የተረፈው ይደፋል፣ እንደገና ይጋላል፣ ከዛ ገና ትኩስ እያለ በፒንሳ ጎትቶ የሚያወጣው ሰው ነው። አንድ እግር፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጭንቅላት፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ከዛ ቀለሙ። በዚህ አሠራር አንድ አርቲስት ብቻውን 120 ቢያወጣ ጀግና ነው እላለሁ፣ ሚሊዮን አውጣ የሚለው የለም።

አሁን ግን ትልቅ ፋብሪካ ያላቸው ሁሉ ሊሚትድ ይላሉ። ለምን? ወረፋው ራሱ ማስታወቂያ ስለሆነ ነው! ላቡቡን እዩ፣ ካሲንግ ለንግ የሚባል አርቲስት በ2015 ለሥዕል መጽሐፉ የፈጠራት ጥርሳም ፍጥረት ናት፣ ፖፕ ማርት የሚባለው የቻይና አሻንጉሊት ኩባንያ በ2019 ወሰዳትና ብላይንድ ቦክስ ውስጥ ከተታት፣ ምን እንደሚደርስህ ሳታውቅ ትገዛለህ፣ ሲክሬት የምትባለዋ ብርቅዬ ደግሞ ከ72 አንድ። ሎተሪ ነው በቃ። ጭራሽ በ2025 እንግሊዝ ውስጥ ሰው ሱቅ በር ላይ እየተደባደበ ሽያጩን ለጊዜው አቆሙት፣ ቤጂንግ ላይ ደግሞ የሰው ቁመት የምታክል አንዷ በጨረታ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጠች። ከዛ ወዲህ እኔ ይሄን ነገር እሰበስባለሁ ስል ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል፣ «ስንት ያወጣል?»። እማዬ ድሮ «ትልቅ ሰው ደግሞ በአሻንጉሊት!» ብላ ስትቆጣኝ ይሻል ነበር፣ አሁን እሷም ደውላ «ያቺ ነጯ ስንት ገባች?» ትለኛለች።

እና ገዝቶ አስወድዶ መልሶ ከሚሸጠው ከሪሴለሩ በላይ ማን እንደሚያናድደኝ ታውቃላችሁ? እኛው ሰብሳቢዎቹ። መፍትሔ የለም እንዳትሉኝ፣ አለ፣ አንዳንድ አርቲስቶች እያደረጉት ነው፦ ሽያጩን 24 ሰዓት ክፍት ታደርገዋለህ፣ የፈለገ ሁሉ ይከፍላል፣ በተከፈለው ቁጥር ልክ ታሠራለህ፣ ዕቃው ወራት ይቆያል ግን ይመጣል። ቦቱ ምን ያደርጋል እዚህ? ምንም። አርቲስቱም ሁሉንም ብር ራሱ ያገኛል፣ አሁን እኮ ከዛች 340 ዶላር ውስጥ እሱ ጋ የገባው 85ቷ ናት፣ እሷም ሱቁ ድርሻውን ካነሳ በኋላ። ግን አንዱ እንዲህ ሲያደርግ ኮመንት ላይ የሚያለቅሰው ማነው? «ብዙ ከወጣ ዋጋው ይወርዳል» የሚል ሰብሳቢ! ወንድሜ አክሲዮን ነው የገዛኸው ወይስ አሻንጉሊት?

እነዚሁ ናቸው ደግሞ ካርቶኑን ሳይከፍቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀብሩት። ሳይንሱም አይደግፋችሁም ልንገራችሁ፣ ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ከጊዜ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ አየር በሌለው ታሽጎ ሲቀመጥ ደግሞ ላዩ ላይ ይጠራቀምና ሙጫ የነካው ይመስል ይጣበቃል። ከፀሐይ አርቃችሁ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጡት እሱም ይተነፍሳል እናንተም ታዩታላችሁ። ያልተከፈተ፣ ንጹሕ፣ ሚንት ብሎ በአራት እጥፍ የሚሸጥላችሁ ሰውዬ ውስጡ ያለችው ጅብ ላብ በላብ ትሁን አትሁን በምን ያውቃል? አላያትም እኮ!

ለማንኛውም፣ ከ120ዎቹ አንዷ እውነተኛ ሰው እጅ ገብታ ከሆነና ካልወደዳችኋት፣ በ85 ዶላርና በፖስታው ዋጋ እወስዳለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ካርቶን ባይኖራትም፣ ጃንጥላዋ ቢቀደድም ችግር የለም። 340 የምትሉ አትልፉ፣ ብሎክ ነው።