የሮማ ሪፐብሊክ የሞተው ሩቢኮን ላይ አይደለም

የሮማ ሪፐብሊክ ማብቂያ ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው ጁሊየስ ቄሣርን ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 ከነሠራዊቱ የሩቢኮንን ወንዝ ተሻግሮ በገዛ አገሩ ላይ መዝመቱን። እኔ ግን ጥፋቱን የምቆጥረው ከዚያ 84 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ133 ጀምሮ ነው።

በዚያ ዓመት ትሪቡን የሚባለው የሕዝብ እንደራሴ ጢባርዮስ ግራኩስ፣ ባለጸጎች ከተፈቀደላቸው በላይ የያዙት የመንግሥት መሬት ለድሃ ዜጎች እንዲከፋፈል ሕግ አስወጣ። እሱም ቢሆን ደንብ ጥሷል፤ ሕጉን ያገደበትን ባልደረባውን ኦክታቪየስን በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣኑ አስነስቶታል። ለሁለተኛ ዓመት ልመረጥ ሲል ግን ጠላቶቹ «ሊነግሥብን ነው» ብለው ተነሡ። የዓመቱ ከፍተኛ ሹም የሆነው ቆንስል ያለ ፍርድ ዜጋ አልገድልም አለ። ሊቀ ካህናቱ ስኪፒዮ ናሲካ ግን የልብሱን ጫፍ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ሴናተሮቹን አስከትሎ ወጣ። የተሰበረ የአግዳሚ ወንበር እግር እየያዙ፣ አካሉ በሕግ የማይደፈረውን እንደራሴ ከ300 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ቀጥቅጠው ገደሉት። ወንድሙ ሬሳውን ልቅበር ብሎ ቢለምንም አልሰሙትም፤ ሌሊቱን ቲበር ወንዝ ውስጥ ተጣለ።

ከግድያው የባሰው ቀጥሎ የሆነው ነው። በማግስቱ ዓመት ፍርድ ፊት የቀረቡት የሟቹ ደጋፊዎች ናቸው። ናሲካ በመልእክተኛነት ስም ወደ እስያ ተሸኘ። በ121 የጢባርዮስ ታናሽ ወንድም ጋይዮስም እንዲሁ አለቀ፤ 3,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተጽፏል። ያስፈጀው ቆንስል ኦፒሚየስ የስምምነት ቤተ መቅደስ አሠራ፤ ሌሊት አንድ ሰው መጥቶ «የእብደት ጠብ የስምምነትን ቤት ሠራ» ብሎ ጻፈበት። ኦፒሚየስ ተከሰሰ፤ በነጻ ተለቀቀ።

የጦር አዛዡ ሱላ በ88 ጦር ይዞ ሮማ የገባው፣ በኋላም የሚገደሉትን ስም ዘርዝሮ አደባባይ የለጠፈው ይህን አይቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሴናተሩ ብሩተስና ጓደኞቹ በ44 ቄሣርን በጩቤ የወጉት ሪፐብሊኩን ለማዳን ነው ከሚሉ ጋር አልስማማም። የሄዱት በናሲካ መንገድ ነው። በዓመቱ የቄሣር ወራሽ ኦክታቪያንና የጦር አዛዡ አንቶኒ ከሌላው አዛዥ ከሌጲዶስ ጋር ሆነው የሱላን ዝርዝር መልሰው አወጡ፤ የዝነኛው ተናጋሪ የሲሴሮ ራስና እጆች ዘወትር ንግግር ያደርግበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ። በ27 ኦክታቪያን የያዝኩትን ሥልጣን ለሴኔቱና ለሕዝቡ መለስኩ ሲል፣ አውግስጦስ ብለው የሰየሙት ከዚያ ሁሉ እልቂት የተረፉት ሴናተሮች ናቸው።