ማስተካከያ፦ ቤቢ ፔጊ በልጅነቷ አልሞተችም

ትናንት ስለ ድምፅ አልባ ፊልም ህፃኗ አክትረስ ቤቢ ፔጊ ስፖስት "በልጅነቷ ሞተች፣ ፊልሞቿም አንድ ሳይቀር ጠፉ" ብዬ ነበር፣ ሁለቱም ስህተት ነው። ራሷ የፃፈችውን የህይወት ታሪኳንና ስታርፍ የወጡ የጋዜጣ ዘገባዎችን አይቼ ነው የማስተካክለው። በፈረንጆቹ 1918 ተወልዳ ያረፈችው በ2020 ነው፣ 101 ዓመት ኖራ! ካደገች በኋላ ዳያና ሴራ ኬሪ በሚል ስም መፅሐፍ ትፅፍ ነበር፣ ስለ ሆሊውድ ህፃናት አክተሮች ጭምር። ትናንት ስለ ገንዘቧ ያልኩት ግን እውነት ነው፣ ሚሊዮን ዶላር የሚያስገባ ኮንትራት የነበራት ልጅ ብሩን ትልልቆቹ ጨርሰውባት ባዶ እጇን ቀረች (ይሄ አሁንም ያናድደኛል)። ፊልሞቿም አብዛኞቹ ጠፍተዋል እንጂ የ1924ቱ ካፒቴን ጃኑዋሪ ለምሳሌ ዛሬም ይታያል። የትናንቱን አጥፍቼዋለሁ፣ ሼር ያደረጋችሁ በዚህ ተኩልኝ።