ሳያነሱት የሚያወራ ስልክ

ጅማ ተማሪ ሳለን ስልክ አንዴ ከጠራ «ደርሻለሁ» ነው። ሁለቴ ከጠራ «ውጣ»። ስልኩ አይነሳም፣ ሂሳብ አይቆረጥም፣ መልእክቱ ግን ደርሷል። ሚስድ ኮልን እንዲህ መጠቀም ማንም አላስተማረንም። ኪስ ባዶ ሲሆን ጭንቅላት ይሠራል።

የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያዎች ይህን መሰሉን ነገር ስውር የመገናኛ መንገድ ይሉታል። በትለር ላምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣለት ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ለመልእክት ባልተሠራ ነገር መልእክት ማሳለፍ።

ሰሞኑን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ በዓይኔ አየሁት። ቤቱ ዋይፋይ የሚሰጠው በኮድ ነው፤ ኮዱን የሚያገኘው ያዘዘ ሰው ነው። ጎኔ ያለው ልጅ ግን ምንም ሳያዝ ቴሌግራም ላይ ተጥዷል። ባለቤቱ ገረማቸው።

«አንተ፣ ኮድ ከየት አመጣህ?»

«አላመጣሁም ጋሼ፤ በዲኤንኤስ ነው የገባሁት።»

ጋሼ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይር አገልግሎት ነው። የኮድ መጠየቂያው ገጽ እንዲከፈት ሲባል ብዙ ራውተር ኮድ ላላስገባ ሰውም የስም ጥያቄን ያሳልፋል። የልጁ አፕ የሚልከውን ነገር በሚጠየቀው ስም ውስጥ ይሸጉጠዋል። ውጭ ያለ ሰርቨር ደግሞ የሚመልሰውን በዚያው መንገድ ይልክለታል። አንድ ስም ከ253 ፊደል አይበልጥምና ይንቀራፈፋል። ግን ያልፋል።

ለካፌው ይህ ቢበዛ የአንድ ማኪያቶ ኪሳራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በዚሁ መንገድ መረጃ ሊወጣበት የሚችለው መሥሪያ ቤት ነው። ፍላሽ ይከለከላል፣ ፌስቡክ ይዘጋል፣ በር ላይ ላፕቶፕ ይመዘገባል። የዲኤንኤስ መዝገብ፣ ማለትም የትኛው ኮምፒውተር የትኛውን ስም እንደጠየቀ የሚጻፍበትን፣ ከፍቶ የሚያይ ሰው ግን እኔ በገባሁባቸው ቢሮዎች አላጋጠመኝም።

«በዚህች ቀዳዳ ምን ይወጣል?» የሚሉ አሉ። የአሜሪካ መከላከያ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛም በሰከንድ ከ1 ቢት (የመረጃ ትንሿ ቅንጣት) በታች የሚያሳልፍ ስውር መንገድን በአብዛኛው ይታገሠው ነበር። እውነት ነው፣ በሰከንድ 1 ቢት ከሆነ አንድ ሜጋባይት ፋይል ለማውጣት 3 ወር ገደማ ይፈጃል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 8 ቢት ነውና ባለ 10 ፊደል የይለፍ ቃል ግን 80 ሰከንድ ይበቃዋል። ሌባው ደግሞ የሚፈልገው መጋዘኑን ሳይሆን ቁልፉን ነው።

ሁሉንም ስውር መንገድ መዝጋት አይቻልም፤ ማጥበብና መከታተል ግን ይቻላል። የስም ጥያቄ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሰርቨር በኩል ይለፍ፣ ይመዝገብ። ከዚያ አንድ ኮምፒውተር በአንድ ድረ ገጽ ሥር ትርጉም የለሽ ረጃጅም ስሞችን በሺህ ሲጠይቅ ካዩ፣ ሄደው ያንን ኮምፒውተር ይፈትሹት። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ቀን መዝገቡን የሚያይ ሰው ነው።

ለጋሼም መላውን ነገርኳቸው፤ ኮድ ላላስገባ ሰው ራውተሩ ምንም ስም ቢጠየቅ የራሱን አድራሻ ብቻ ይመልስ፣ ወደ ውጭ ምንም አያሳልፍ። ወዲያው ራውተሩን ለገጠመላቸው ልጅ ደወሉ። አንዴ ጠራና ዘጉት።

«ያውቃል፣ ይመጣል» አሉኝ።