ፏፏቴው የለም፣ ትኬቱ ግን ሙሉ ነው

ኧረ በናታችሁ! ትኬት የሚቆርጥ ሰው «ዛሬ ውሃ የለም» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

አጎቴ ከደሴ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ባህር ዳርን አይተው አያውቁም። «ያንን አንድ ብሩ ላይ ያለውን ፏፏቴ ሳላይማ አልመለስም» አሉ። የድሮዋን የወረቀት ብር የያዘ ያስታውሳል፤ በአንድ ፊቷ ልጁ፣ በጀርባዋ ጢስ ዓባይ ከነወፎቹ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። እሺ፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው። ግን እንግዳ ወር መርጦ ይመጣል እንዴ?

በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጉልበቱን ከሚያመው ሰው ጋር ግን 100 ትሆናለች። ትኬት ቆረጥን። አስጎብኚ ያዙ ተባልን፣ ያዝን። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፣ ልብ በሉ፣ ከተከፈለ በኋላ፣ አስጎብኚው «መስከረም ላይ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለን።

የድንጋዩን ድልድይ ተሻገርን፤ እ.ኤ.አ. በ1626 በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን። ዳገቱን ጋሼ በከዘራ፣ እያረፉ ወጡት። ላይ ስንደርስ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ክረምት ላይ ሲሞላ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋው ፏፏቴ ጥቁር ገደል ብቻ ሆኖ ተገትሯል። ጥጉ ላይ አንድ ቀጭን ውሃ እንደተበላሸ ቧንቧ ይወርዳል። ጢስ የለ፣ ድምፅ የለ። አስጎብኚው ነገሩ ገብቶት ስለ ድንጋዩ ማውራት ጀመረ፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፣ ጣናም ራሱ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ወንዙን ገድቦት የተፈጠረ ነው እያለ። እውነቱን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ብሎኝ እሰማው ነበር።

ውሃውማ መብራት ሆኗል። ድሮ እዚያው አጠገቡ ያሉት ተርባይኖች ይሻሙት ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ከሐይቁ በዋሻ ይስበዋል። ለመብራት ከሆነ አልከራከርም። (ማታ ቤት ስንገባ መብራት ጠፍቷል። ተውኩት።)

እኔ ውሃ ልቀቁልኝ አላልኩም። በሩ ላይ አንድ ካርቶን ስቀሉና «ዛሬ ውሃው ትንሽ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ዋጋውንም ቀንሱ። ሥጋ ቤት እንኳ በጾም ይዘጋል! ስንመለስ ትኬት ቆራጩን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ትኬቱ የአካባቢው ነው እንጂ የውሃው አይደለም።»

ጋሼ በሳምንቱ ደወሉ። ጎረቤቶቻቸው ጢስ ዓባይ እንዴት ነው ብለው ጠይቀዋቸዋል።

«ምን አሏቸው ጋሼ?»

«ድልድዩ ጠንካራ ነው አልኳቸው።»