ሁሉም «አድሚን» የሆነበት ቤት

የጅማ ሰዎች፣ በተለይ ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ ትምህርት ቤትና የቁጠባ ማኅበር የምትመሩ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው።

ከሂርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ዙሩና ተመልከቱ። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የዋይፋይ ፓስወርድ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፏል። ወረፋ ጠባቂው ይጠቀምበት፣ ማንም አይቀየምም። ነውሩ የታካሚው የላብራቶሪ ውጤት ያለበት ኮምፒውተርም በዚያው መስመር ላይ መሆኑ ነው። ፎልደሩ ለሁሉ ሼር ተደርጎ ከተረሳማ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ የጎረቤቱን የኤች አይ ቪ ውጤት በስልኩ ሊያነብ ይችላል። ነገ ቡና ላይ የምትገናኙት ጎረቤት ነው!

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ መረጃው ላልተፈቀደለት እንዳይደርስ በቴክኒክም በአሠራርም እንዲጠብቅ ያስገድዳል። «ምስጢርዎን እንጠብቃለን» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ፋይል ውስጥ መክተት ግዴታውን አይወጣም። ማኅተም እንደሆነ ትወዳላችሁ።

መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለባችሁ። ምን ልትሉ ነው? ሐኪሙም፣ ገንዘብ ተቀባይዋም፣ ተለማማጁም «አድሚን» በሚል በአንድ የዋና ተቆጣጣሪ ስም ስለሚገቡ የኮምፒውተሩ መዝገብ የሚያሳያችሁ አድሚን ገባ፣ አድሚን ኮፒ አደረገ፣ አድሚን ወጣ ብቻ ነው። ማንን ትጠይቃላችሁ? ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ግን ለሁሉ ባደላችሁት ፓስወርድ የገባውን ሰው «ማን ፈቀደለት» ለማለት አፋችሁ አይሞላም።

አምና የተሰናበተው ሠራተኛ ፓስወርድስ? ዛሬም ይሠራል። የቢሮውን ቁልፍ ግን በዚያው ቀን ፈርሞ አስረክቧል።

ገንዘብ የለንም አትበሉ። ብዙው ራውተር፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ለእንግዳ የተለየ መስመር ይከፍታል። ሲገዛ የመጣበትን ፓስወርድ ቀይሩ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ ስጡ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሒሳቡን ታያለች እንጂ ምርመራውን ለምን ትከፍታለች? ይህን ስል ጥፋቱን በታች ሠራተኛ ላይ የምታላክኩ እንዳትኖሩ፤ ፓስወርዱን ለጸሐፊዋ ነግሮ «አንቺ ግቢልኝ» የሚለው አለቃው ነው።