ማስተካከያ፦ የጎመን ጭማቂ ሳንባ አያጥብም

ባለፈው ጽሑፍ «የብሮኮሊ ጭማቂ የጭስ መርዝን ከሳንባ ጠራርጎ ያወጣል፤ የሐበሻ ጎመንም ያው ነው» የሚል ሰፍሮ ነበር። እንዲህ ይስተካከል።

ጥናቱስ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ቻይና ውስጥ ቺዶንግ በሚባል አካባቢ አጥኚዎች 291 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለዋል። የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ የጠጡት፣ ቤንዚን (ነዳጁ ሳይሆን በጭስ ውስጥ ያለው ኬሚካል) ከሰውነታቸው በሽንት የሚወገድበት መጠን በ61 በመቶ ጨምሯል። የተለካው ግን ሽንት ነው እንጂ ሳንባ አይደለም። ሳንባ ውስጥ ስለሚቀረው ብናኝ የሚያሳየው ነገር የለም።

ጎመኑም ለየቅል ነው። የብሮኮሊ ቡቃያው የሚሰጠው ሰልፎራፋን የሚባል፣ ሰውነት መርዝ እንዲያስወግድ ያግዛል የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በሐበሻ ጎመን የሚበዛው ግን ሲኒግሪን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ያ ሰናፍጭን አፍንጫ የሚሰነፍጥ የሚያደርገው። በዚያ ላይ እኛ ጎመን እስኪበቃው እንቀቅላለን። ሙቀቱ ደግሞ ንጥረ ነገሩን የሚያነቃቃውን ኢንዛይም ያጠፋዋል።

አቃቂ ቃሊቲ አስፋልት ዳር በቆሎ የምትጠብስ እናት ጭሱን የምትምገው ከሁለት ወገን ነው፤ ከከሰሉም፣ ከከባድ መኪናውም። እሷን ጎመን ጭመቂ ማለት ቀልድ ነው። ምድጃውን ነፋሱ ጭሱን ወደማያመጣባት በኩል ማዞር ይሻላታል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ኢንሄለሩን (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) በምንም ጭማቂ አይተካ።